ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳም አልጠራሁም፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር ራሴ ካላወራሁት አይወጣልኝም።

ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ ጠዋት ጠዋት መኪና የሚገፋ ሰው ይበዛል። አሮጌ ዲኤክስ፣ አሮጌ ሃይሉክስ። ቁልፍ ሲዞር ጠቅ ይልና ዝም። ከዚያ የሰፈሩ ልጆች ይጠራሉ፣ ተገፍቶ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ባትሪ ሊገዛ ይሄዳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ባትሪ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ አይደለም።

ቁጥሮቹ ቀላል ናቸው። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ፣ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሽ ገደማ ነው የቀረው። ሞተሩ ሲነሳ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሥራ ስለሚጀምር፣ እዚያው ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ድረስ መውጣት አለበት። ተነስቶም 12 ላይ ከቀረ መኪናው ባትሪውን እየበላ ነው የሚሄደው። 15ን ካለፈ ደግሞ የዲናሞውን ቮልቴጅ የሚገድበው ሬጉላተር አልቆጣጠር ብሏል፣ ባትሪውን እያፈላው ነው። ይሄን ለማወቅ አንድ ርካሽ ቴስተር፣ ማለትም ቮልት መለኪያ፣ ይበቃል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሞርሴቶ፣ ካቦውን ባትሪው ላይ የሚያስረውን፣ ነቅሎ፣ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚባለው ነገር። እባካችሁ ይሄ ይቅር። ባትሪው ሲነቀል የዲናሞው ቮልቴጅ በቅጽበት ሊወነጨፍ ይችላል፣ ያኔ ዲናሞው ውስጥ ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዳዮድም፣ ሬጉላተርም፣ ቴፕም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ደህና የነበረ ዲናሞ በምርመራው ይበላሻል ማለት ነው። መኪናው አለመጥፋቱ ራሱ ብዙም አይነግራችሁም፣ ስንት ቮልት እየሰጠ እንደሆነ አታዩማ!

በቀደም አንድ አባት ከሰቃ ሃይሉክሳቸውን ይዘው መጡ። አንድ ጋራዥ ባትሪ ቀይሩ ብሏቸው ቀይረዋል። አዲሱም ሲደክም ዲናሞ ቀይሩ ተባሉ። «ልጄ፣ ቡናውን ሸጬ ለዚህ መኪና ልጨርሰው ነው እንዴ?» አሉኝ። አባባ፣ መጀመሪያ እንለካው አልኳቸው። ሞተሩ ተነስቶ፣ የፊት መብራት በርቶ፣ ባትሪው ላይ 13.0። ይሄ አይሞላም። ዲናሞው ጀርባ ላይ፣ ከመውጫው ብሎን እስከ ራሱ አካል ስለካው ግን 14.2! ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው፣ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ስለዚህ አንዱን ጫፍ የዲናሞው አካል ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አደረግኩ። እዚያ ከ0.2 በላይ መታየት የለበትም። 1.2 አሳየኝ። የማሳው ካቦ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው፣ ሞተሩ ላይ የታሰረበት ቦታ ዘይት፣ ጭቃና ዝገት ተጋግሮበታል፣ ብሎኑም በጣት ይዞራል። ፈትተን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈግነው፣ ጥብቅ አድርገን አሰርነው። ባትሪው ላይ 14.1። እኚህ ሰው ዲናሞ ሊገዙ ነበር እኮ!

ሁሉም እንደዚህ ነው አልላችሁም። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ የሚላላበት አለ፣ በተለይ ዝናብ ሲነካው ይጮሃል፣ ይንሸራተታል። ዲናሞው ውስጥ ለሚዞረው ክፍል ኃይል የሚያቀብለው ካርቦን ያለቀበት አለ፣ እሱ አንዴ ይሞላል አንዴ ይተዋል። ዳሽቦርድ ላይ ያለችውን ቀይ የባትሪ መብራትም እዩዋት። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፍ ስትከፍቱ መብራት አለባት። ካልበራች ደስ አይበላችሁ፣ በብዙ አሮጌ መኪኖች ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው የመጀመሪያው ኃይል የሚያልፈው በሷ በኩል ነው፣ አምፖሏ ስትቃጠል ዲናሞው ላይቀሰቀስ ይችላል።

ሲነዳ ደህና፣ አድሮ ጠዋት ባዶ የሚሆነውስ? እሱን በእጅ ጀምሩት። መኪናው አድሮ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ዲናሞውን ንኩት። ሌላው ብረት ሁሉ ቀዝቅዞ እሱ ብቻ ሞቅ ካለ ዳዮዱ ሾርት አድርጓል፣ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ሲመጠው አድሯል።

አንድ ደግሞ ብልሽት ያልሆነ አለ። እዚሁ ጅማ ውስጥ ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ፣ ከዚያ መልስ፣ መብራትና የዝናብ መጥረጊያ በርቶ፣ በየመሃሉ እያጠፉ እያስነሱ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የወሰደውን ዲናሞው ሳይመልስ ደርሳችኋል፣ አሮጌ ዲናሞ ደግሞ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ብዙ አይሰጥም። እንዲህ ለሚነዳ ሰው አልፎ አልፎ እስከ አጋሮ ደርሶ መመለስ፣ ወይም ባትሪውን ቻርጅ ማስደረግ እንጂ ዕቃ መቀየር አያስፈልገውም።

መኪናችሁ ካስቸገረ ሦስት ቁጥር ላኩልኝ፦ ሞተር ጠፍቶ፣ ሞተር ተነስቶ፣ ሞተር ተነስቶ መብራት ሲበራ። የመኪናውን ዓይነትም ጨምሩበት። በሚቀጥለው ክፍል እያነበብኩ አብረን እናያቸዋለን። ቻው።