ሃሎ ሰላምታ ነው እንዴ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ስለ አንዲት ቃል ነው፤ ስለ «ሃሎ»።

እንግሊዝኛ ስንጀምር ቶሎ ከሚነገሩን ቃላት አንዷ ናት። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋታል፣ አጠገቧ «ሰላም» ይላል፣ አለቀ። እኔን ግን ይሄ ትርጉም ሁሌም ትንሽ ይጎረብጠኛል። እስቲ አስቡት፤ መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ጎረቤት ፊት ለፊት «ሃሎ ጋሼ» ትሉታላችሁ? አትሉም። ብትሉትም ይስቅባችኋል። ስልክ ላይ ግን ያው ጋሼ ራሱ «ሃሎ!» ብሎ ነው የሚጀምረው። «እንዴት ናችሁ፣ ልጆች ደህና፣ ቤቱ ደህና?» ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ለእኛ ሃሎ ሰላምታ አይደለችም። በር ማንኳኳት ናት።

ደስ የሚለው ነገር፣ በአመጣጧ ካየናት ልክ የሆንነው እኛ ነን።

ወደ አሜሪካ እንሂድ፣ እ.ኤ.አ. ወደ 1877። ስልክ ከተፈጠረ ገና ዓመት ከምናምኑ ነው። ያኔ አንዱ ሐሳብ ለንግድ ቤቶች ነበር፤ በሁለት ቢሮ መካከል መስመሩ ሁሌ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ታዲያ ወዲያ ማዶ ያለው ሰውዬ ከስልኩ ራቅ ብሎ ከተቀመጠ በምን ይጠራል? ደወል ይገጠም ወይስ አይገጠም? ቶማስ ኤዲሰን በነሐሴ ወር ፒትስበርግ ላለ አንድ የቴሌግራፍ ኩባንያ ኃላፊ አጭር ደብዳቤ ጻፈ። ደወል የሚያስፈልገን አይመስለኝም፣ «ሃሎ» ከተባለ ከ10 እስከ 20 ጫማ ድረስ ይሰማል አለ። በእኛ ልኬት ከ3 እስከ 6 ሜትር መሆኑ ነው። ልብ በሉ፣ ሰውዬው የሚያስበው ስለ ጨዋነት አይደለም። ስለ ርቀት ነው።

ቃሏን ኤዲሰን አልፈጠራትም። በተለያየ አጻጻፍ ከዚያ በፊትም ነበረች። አዳኝ ውሾቹን ሲያበረታታ ይጮኻታል፤ ሰው ራቅ ያለን ሰው ሲጣራ ይላታል። አንዳንዴም የመገረም ቃል ነበረች፣ እኛ «እንዴ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» እንደምንለው። እንግሊዞች ያልጠበቁት ነገር ሲገጥማቸው ዛሬም እንደዚያ ይሏታል። ስልኩ ነው ቀስ በቀስ ወደ ሰላምታ የጎተታት።

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ግን የስልኩ ፈልሳፊ ሆኖ ሳለ ሌላ ቃል ነበር የመረጠው፤ «አሆይ» የሚለውን የመርከበኞች ጥሪ። «አሆይ፣ ማን ልበል?» ስንል ይታያችሁ! ቤል ተሸነፈ። ሽንፈቱ ደግሞ እስከ ገዛ ስሙ ድረስ ተከተለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በእሱ ስም በተሰየመው የምርምር ተቋም፣ ቤል ላብስ፣ ብራያን ከርኒሃን ለጀማሪ ፕሮግራመሮች ምሳሌ ሲያዘጋጅ ኮምፒውተሩን ያስባለው ምን መሰላችሁ? «ሄሎ ወርልድ»። ዛሬ ኮዲንግ የሚጀምር ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በእሷ ነው የሚያልፈው።

የስልክ ማዞሪያ ላይ የሚሠሩ ሴቶችም «የሃሎ ልጃገረዶች» ተባሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ200 በላይ የሚሆኑት የአሜሪካን ጦር ስልክ ለማገናኘት ፈረንሳይ ድረስ ዘምተዋል። ዩኒፎርም ለብሰዋል፣ ቃለ መሐላ ፈጽመዋል። ሲመለሱ ግን «እናንተ ሲቪል ናችሁ» ተባሉ። በሕግ እንደ ዘማች የተቆጠሩት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ያኔ አብዛኞቹ በሕይወት አልነበሩም። ይሄ ታሪክ ሁሌ ያናድደኛል። ትእዛዙ ሁሉ የሚያልፈው በእነሱ እጅ ነበር እኮ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ስልክ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው የገባው። ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ቀሳውስቱ «ይሄ የሰይጣን ሥራ ነው» አሉ የሚባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔ አልፈርድባቸውም። ሰው ሳይታይ ድምፁ ሲመጣ ማን አይደነግጥም?

ሃሎ ለእኛ ምን እንደምትሠራ ማየት የፈለገ ግን አክስቴ ቤት ይምጣ። ልጇ ዱባይ ናት፣ በኢሞ ነው የምትደውለው። አክስቴ ስልኩን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። ልጅቷ ስክሪኑ ላይ ትታያለች፤ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። «ሃሎ! ሃሎ!» ምስሉ ቀጥ ይላል። «ሃሎ! ትሰሚኛለሽ?» ድምፁ ሲመለስ ወሬው ግማሽ ላይ ደርሷል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይቆራረጣል፣ እንደገና «ሃሎ»። ሰላምታ ብትሆን አንዴ በቃ ነበር። አክስቴ ጎረቤት እስኪሰማ የምትጮኸው ያው ኤዲሰን ያሰበውን ነው፤ «አለሽ ወይ? ድምፄ ይደርሳል ወይ?»

ባለቋንቋዎቹ ደግሞ ሌላ አጠቃቀም ጨምረውባታል። አሜሪካ የሚኖሩ ልጆች ያሏችሁ ታውቁታላችሁ። ልጁ አንድ ግልጽ ነገር ነግሯችሁ ካልገባችሁ፣ ድምፁን ጎተት አድርጎ «ሄሎ-ኦ?» ይላችኋል። «ሰው የለም እንዴ እዚያ ውስጥ?» ማለቱ ነው። በእኛ ባህል ለወላጅ የሚባል አይደለም፣ ኩርኩም ያስከትላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሂድ። እ.ኤ.አ. በ1878 ኒው ሄቨን ከተማ በወጣ የስልክ ማውጫ ላይ ለተጠቃሚው መመሪያ ነበረበት። ወሬህን በሃሎ ጀምር፣ ስትጨርስ «ይኸው ነው» በል ይላል። መጀመሪያው ያዘ፣ መጨረሻው ቀረ። በተለይ እኛ ጋ ጨርሶ አይሠራም። እኛ በአሜሪካኖቹ ቃል እንጀምርና በጣሊያኖቹ «ቻው» እንዘጋለን፤ እሱንም አንዴ ብለን አይወጣልንም። «በሉ እሺ፣ በቃ ቻው፣ እሺ ሰላም በልልኝ፣ ቻው፣ እሺ ቻው ቻው።»

በሉ ሳምንት እንገናኝ። ቻው።