ነገ ጭልጋ ስንሄድ

እንደምን ዋላችሁ ልጆች! መምህራንና ወላጆችም፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ብዙ አላወራም፤ ከጎንደር በስተ ምዕራብ ካለው ጭልጋ ሄደን የጥንት ወንዞች የተዉትን ለማየት ነገ በጠዋት መነሳት አለ።

ሐምሌ ላይ የጎንደራችንን አንገረብ ወንዝ ቆሞ ያየ ሁሉ ቀለሙን ያውቀዋል። ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ያ ቀለም የገበሬው ማሳ ነው፣ ተጠርጎ የመጣ። ወንዙ አለቱንም ይበላል። የሚፍቀው ግን በባዶ ውሃ አይደለም፤ ይዞት በሚወርደው አሸዋና ጠጠር ነው፣ ልክ እንደ ሞረድ።

ወንዝ ሲሮጥ ይሸከማል፣ ሲደክመው ያወርዳል። መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ከዚያ ጠጠሩን፣ ከዚያ አሸዋውን። ጭቃው ግን ውሃው ካልተኛ አይወርድም። እናቶቻችን ቡናው እንዲሰክን ጀበናውን ለምን እንደሚያሳርፉት ታውቃላችሁ። መገጭና ጓደኞቹ፣ ጣና የሚገቡት ወንዞች፣ ይህን ሲሠሩ ኖረው ነው ከጣና በስተ ሰሜን ያለው ደምቢያ ሜዳ ሆኖ ዋልካ የለበሰው። የአንገረብን ግድብ ሆድ የሚሞላውም ይኸው ደለል ነው። ይሄኛው እንኳ ውሃ ለምንጠጣው ለእኛ የምሥራች አይደለም።

ነገ የምናየው የሌሎች ወንዞችን ሥራ ነው። ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጭልጋ ላይ ይፈሱ ነበር። ስም ያወጣላቸው የለም፤ ሰው ገና አልነበረም። ጣናም አልነበረም። በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ እየተጠማዘዙ አሸዋና ጭቃ ደራረቡ። ረግረጉ ውስጥ የተቀበረው እንጨትና ቅጠል የድንጋይ ከሰል ሆነ። አጥንትም አብሮ ተቀበረ። በ1996 ዓ.ም. ለዓለም የተነገረው ግኝት ከዚያ የወጣ ነው፤ የዝሆን ጥንታዊ ዘመዶች፣ ደግሞም አፍንጫው ላይ ሁለት ትላልቅ ቀንዶች የነበሩት አርሲኖይቴሪየም የሚባል እንስሳ። ዕድሜያቸው የታወቀው በንብርብሩ መሃል ከተኛው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሌላ ነው። የቀበራቸው ወንዝ ነው። ዛሬ ገደሉን እየሸረሸረ የሚያወጣቸውም ወንዝ ነው፤ ጓንግ። እሱ ደግሞ እንደ መገጭ ጣና አይገባም፤ ሱዳን ወርዶ፣ አትባራ ተብሎ፣ ናይልን እዚያ ያገኘዋል።

ገደሉ ፊት ስትቆሙ ከታች ጀምራችሁ አንብቡ፤ ታችኛው ቀዳሚ ነው። ጠጠር ካያችሁ ውሃው ይሮጥ ነበር። ልስልስ ጭቃ ካያችሁ ተኝቶ ነበር። አጥንት የመሰለ ነገር ብታገኙ እንዳትነቅሉት፤ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ካልታወቀ ዋጋው ይጠፋል። እኔን ጥሩኝ።

መኪናው ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሳል። ሸበጥ ያደረገ አይሳፈርም።