ሌባ የምትይዘው ልጅ የራሷ ዓይን ይኑራት

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች፣ እናንተም ከፊት የተቀመጣችሁ ታሪክ ጸሐፊ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ?

አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው የመጣሁት። አንዲት የ11 ዓመት የገጠር ልጅ መርማሪ አድርጋችሁ ጻፉልን። ፈጣን፣ ጠያቂ፣ «አንቺ ልጅ አርፈሽ አትቀመጪም?» የምትባል ዓይነት ትሁን።

በልጅ ሌባ ማስያዝ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ሌባ ሻይን ቅድመ አያቶቻችን ያውቁታል። አንድ ብላቴና የሚያደነዝዝ መድኃኒት ያጠጡታል፣ ያስጨሱታል። ከዚያ ወገቡን በገመድ አስረው፣ ጫፉን ይዘው ይከተሉታል። ልጁ እየተንገዳገደ፣ እየወደቀ እየተነሳ መንደሩን ያቋርጣል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ አለቀ። ምስክር የለ፣ ማስረጃ የለ። መንግሥት ኋላ ላይ ከለከለው እንጂ ስንት ንጹሕ ሰው ያልሰረቀውን ከፍሏል! እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የልጁ ነገር ነው። ሌባ ፈልግ ተብሎ የተላከው አእምሮውን ከነጠቁት በኋላ ነው።

አውጫጭኝ በስንት ጣዕሙ! አገሬው አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም። ያየ ሰው «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ በምስጢር ያወጣዋል። ትልቅ ብልሃት ነው። ግን እዚያ የሚቀመጡት በአብዛኛው አባወራዎች ናቸው። ውኃ ቀጂዋን ልጅ «አንቺስ ምን አየሽ?» የሚላት የለም።

እስቲ የምታየውን አስቡት። ሌሊት ከአንድ ጎተራ ጤፍ ተሰረቀ እንበል። መንደሩ ተንጫጭቶ አንዱን ምስኪን ጠርጥሯል። እሷ ጀሪካኗን አስቀምጣ መሬቱን ታያለች። ጭቃው ላይ የበረባሶ ዱካ አለ። በረባሶ የሚሠራው ከመኪና ጎማ ስለሆነ የአንዱ ዱካ ከሌላው ይለያል። አንዱ ቀጥ ያለ መስመር ይተዋል፣ ሌላው ጠመዝማዛ፣ የሌላው ደግሞ ተረከዙ በአንድ ወገን ተበልቷል። ዱካው ላይ የዝናብ ጠብታ ነጥብ ካለ ሰውዬው ያለፈው ከዝናቡ በፊት ነው። ጠርዙ ሳይፈርስ ስል ሆኖ ከቆየ ካባራ በኋላ ነው። ጎተራው ሥር ያለው ዱካ ጠርዙ ስል ነው። ምስኪኑ ሰውዬ ደግሞ ካባራ ጀምሮ እስኪነጋ ለቅሶ ቤት ነበር። በቃ፣ እሱ አይደለም!

ከዚያ ወፍጮ ቤት ወረፋ ትይዛለች። ዘንድሮ ጤፍ ያልዘራ ሰው ጤፍ ሊያስፈጭ ይመጣል። ትልልቆቹ እሷ ፊት ሁሉን ያወራሉ፤ «ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» ብለው። ትልቁ ጉልበቷ ይኼ ነው።

ወላጆች፣ ወንዱ ሲጠይቅ «ጎበዝ» እንላለን። ሴቷ ስትጠይቅ «ምላሳም» ትባላለች። እባካችሁ ይህን እንተው። መርማሪዋን ልጅ ገና ሳትጻፍ የምንገላት በዚህ ቃል ነው።

ጸሐፊዎች፣ እናንተንም አደራ። ሌባው በሕልሟ አይገለጥላት። መጨረሻ ላይ ፖሊስ ወይም አጎት መጥቶ ነገሩን አይፍታላት። ትሳሳት፣ የማይገባውን ሰው ትጠርጥር፣ ሄዳም ይቅርታ ትጠይቀው። ሌባውም ለምን እንደሰረቀ ይጠየቅ፤ ነገ እዚያው መንደር አብረው ነው የሚኖሩት። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠው «እንዴት አወቅሽ?» ሲሏት ደግሞ አታሳጥሩባት። ዱካውን፣ ዝናቡን፣ ወፍጮ ቤቱን አንድ በአንድ ራሷ ትናገር። አምስት ገጽ ከፈጀ ይፍጅ።

ረቂቃችሁን አምጡልኝ፣ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። አመሰግናለሁ።