የብይ ጭቅጭቅ ምን ያስተምራል?

[ምስል፦ ጎንደር፣ ወደ ቁስቋም የሚወስደው አቀበት። ከአንድ የድንጋይ አጥር ሥር ልጆች ብይ ይጫወታሉ።]

ተራኪ፦ ትምህርት ቤት ተለቋል። ቦርሳዎቹ ከአጥሩ ሥር ተጥለዋል። አንዱ ልጅ ተንበርክኮ አነጣጠረና ብዩን ለቀቀው። ብዩ ጠጠር ነክቶ አቅጣጫውን ሳተና የባልንጀራውን ብይ መታ።

“አይያዝም! ጠጠር ነክቷል!”

“ይያዛል! ትናንት ለአንተ ተይዞልህ የለም እንዴ?”

ጨዋታው ቆመ፤ ጭቅጭቁ ተጀመረ። ይህን ጊዜ አብዛኞቻችን ከበር ብቅ ብለን “ይኸው ነው ሥራችሁ! ግቡና አጥኑ!” እንላለን። እባካችሁ፣ ጥቂት ታግሠን እንመልከታቸው። ዋናው ትምህርት የተጀመረው ገና አሁን ነው።

[ምስል፦ የልጆቹ ፊትና እጅ በቅርበት።]

አንዱ ትናንት የሆነውን አስታውሶ በማስረጃነት አቀረበ። ሌላው እጁን ለጠብ ሊሰነዝር ከጅሎ ተወው። በዕድሜ ከፍ የሚለው ሦስተኛው ልጅ “ይደገም፤ ከአሁን ጀምሮ ግን ጠጠር የነካ ሁሉ ይደገማል” አለ። ተጉረመረሙ፣ ተስማሙ። ዳኛ ሳይኖር ሕግ ወጣ። ምን አስማማቸው? ግትር ካሉ ሌሎቹ ብያቸውን ለቅመው ወደ ቤታቸው እንደሚሄዱ ሁሉም ያውቃል። ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ቢያኮርፍም ትምህርቱ ይቀጥላል፤ ብይ ግን ያለ ባልንጀራ አይሆንም። ስለዚህ ጨዋታውን ማቆየት የፈለገ ልጅ የሌላውን ስሜት ማየት ግድ ይለዋል።

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ይህንኑ በአገሩ ልጆች ላይ አጥንቷል። የጄኔቭንና የኑሻቴልን ልጆች “ብይ አጨዋወት አስተምሩኝ” እያለ ይጠይቃቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳሳተመው፣ ትንንሾቹ ደንቡ ከታላላቆች የመጣና የማይነካ ነው ይላሉ፤ ሲጫወቱ ግን እነሱ ራሳቸው በወጉ አይጠብቁትም። አሥር ዓመት ገደማ ሲደርሱ ደንብ የተጫዋቾች ስምምነት እንደሆነ፣ ሁሉም ከተስማሙ ሊለወጥ እንደሚችል ይገባቸዋል። ፒያዤ ይህ መረዳት የሚያድገው ከእኩዮች ጋር በመነጋገር እንጂ በአዋቂ ትእዛዝ አይደለም ብሎ ያምን ነበር። እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ።

[ምስል፦ ጓሮ። ሁለት ልጃገረዶች እቃቃ ይጫወታሉ።]

አሁን ወደ ጓሮ እንዝለቅ። የአምስት ዓመቷ ልጅ “እናት” ሆናለች። “እንግዳዋ” ስትመጣ ብድግ ብላ “ኖር!” ትላለች። “በእግዚአብሔር! አይነሡ እንጂ” ትላለች እንግዳዋ፣ ድምፅዋን አጎርንና። ጀበናው ጭቃ፣ ስኒው ቆርኪ፣ ቡናው አፈር የተበጠበጠበት ውኃ ነው። ይህች ልጅ ቤት ውስጥ እውነተኛው ቡና እስኪፈላ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅታታል፤ እዚህ ግን አቦሉን ቀድታ፣ ቶናውን ጠብቃ፣ በረካ ሳይደርስ እንግዳዋን አታሰናብትም። የሶቪየት ኅብረቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 በሰጠው ትምህርት ያነሣው ይህንን ነው። ልጅ በጨዋታ ውስጥ ከዕድሜው በላይ ሆኖ ይገኛል፤ የያዘችው ሚና የራሱ ደንብ ስላለው ችኩልነቷን ለዚያ ደንብ ታስገዛለች።

የሁለትና የሦስት ዓመት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ለየብቻቸው ቢጫወቱ አያሳስባችሁ። በዚያ ዕድሜ የተለመደ ነው።

[ምስል፦ ቡሄ። የጅራፍ ድምፅ፤ ዱላ የያዙ ልጆች በየደጁ ሲጨፍሩ።]

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ልጆቹ ጅራፋቸውን ቀድመው ገምደዋል፤ አውራጅም መርጠዋል። አውራጅ ለመሆን ጥሩ ድምፅ ብቻ አይበቃም፤ የባለቤቱን ስም እየጠራ ማወደስ፣ ተቀባዮቹም እንዳይዘናጉ ማድረግ አለበት። ከጭፈራው በኋላ ደግሞ ክፍፍል አለ። ስድስት ልጆች 47 ብር አገኙ እንበል። ለእያንዳንዳቸው ሰባት ሰባት ብር ደርሶ አምስት ብር ይተርፋል። የተረፈው ለማን ይሁን? ጉሮሮው ለደረቀው አውራጅ? ወይስ ከሁሉ ለሚያንሰው ልጅ? ማካፈሉን ደብተር ላይም ይማሩታል፤ የተረፈውን በፍትሕ መስጠትን ግን የሚማሩት እዚህ ነው።

ታዲያ ወላጅ መቼ ይግባ? ዱላ ከተነሣ፣ ድንጋይ ከተወረወረ ወዲያውኑ። አንድ ልጅ ሁልጊዜ የሚገለል ወይም የሚሰደብ ከሆነም ዝም አይባልም፤ ያ ጨዋታ ሳይሆን ጥቃት ነው። ለሌላው ጭቅጭቅ ግን ጊዜ ስጡት። መኪና የማይገባበት ሥፍራም ፈልጉላቸው።

[ምስል፦ ጀሪካን የያዘች ልጅ፤ ከኋላዋ ሱዚ የሚዘሉ ጓደኞቿ።]

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ጨዋታን የልጅ መብት አድርጓል፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። በብዙ ቤት ግን ወንዱ ኳስ ሲራገጥ ሴቷ “ነይ ውኃ ቅጂ፣ ነይ ስኒ እጠቢ” ተብላ ከመሀል ትጠራለች። ጓደኞቿ ሲደራደሩ፣ ሲታረቁ፣ ደንብ ሲያወጡ እሷ የለችም። ሥራውን ለሁለቱም አካፍሉት፤ ዛሬ ውኃውን ወንድሟ ይቅዳ።