የሚንቀጠቀጠው መስታወት

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ መኪናዬ ውስጥ ስላለው ሰብዉፈር፣ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያወጣው ትልቅ ስፒከር ነው። ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ድምፁ ጠፍቶ ነበር። አሁን ተመልሷል። እነዚያ ሦስት ሳምንታት ግን ከአእምሮዬ አልወጡም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገራችሁ።

መኪናዋ የታላቅ ወንድሜ ነበረች። አሮጌ ኮሮላ ናት። ወንድም ጋሼ ወደ ዱባይ ከመሄዱ ከአንድ ዓመት በፊት ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር በገዛ እጁ ገጠመላት። ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠውን አምፕሊፋየር ከሶማሌ ተራ ገዛው፤ ሳጥኑን የሰፈራችን አናጺ ሠራለት፤ ሽቦውን ከምንጣፉ ሥር ሲዘረጋ እኔ አንድ ሙሉ እሑድ የስልኬን መብራት ይዤ ቆሜለት ነበር። ሲጨርስ ሙዚቃ ከፈተና በትንሽ ካቻቢቴ የአምፕሊፋየሩን መጠን ቀስ እያለ ከፍ አደረገ። እኔን ከፊት አስቀምጦ የኋላ ማሳያውን መስታወት እንዳይ ነገረኝ። በመስታወቱ ውስጥ የግቢያችን በር ይታያል። በሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጮክ ብዬ ነገርኩት፤ ወዲያው እጁን አነሳ። «ይበቃል» አለ። «ከዚህ ካለፈ ስፒከሩን ትገድለዋለህ።»

ብዙ ሰው የመኪና ሰብዉፈር ሲባል ጎረቤት የሚረብሽ ጩኸት ብቻ ይታየዋል። በሌሊት ከፍቶ ሰፈር የሚያስነሳ ሰው አለ፤ ያንን እኔም አልወድም። ነገር ግን ወፍራሙ ድምፅ የዘፈኑ አካል ነው። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። በመኪና በር ላይ ያለች ትንሽ ስፒከር ይህን ድምፅ አጥርታ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ያህል አየር መግፋት አትችልም። ስለዚህ ሰብዉፈሩ ሲጠፋ ዘፈኑ አይቋረጥም። ዘፋኙ ይዘፍናል፣ ማሲንቆው ይሰማል፣ ጭብጨባውም አለ። ከበሮ ሁለት ፊት አለው አይደል? ሰፊውና ጠባቡ። ለሦስት ሳምንት እኔ የሰማሁት ጠባቡን ብቻ ነበር። መጀመሪያ ላይ ምን እንደጎደለኝ እንኳ አላወቅሁም፤ መንገዱ ረዘመብኝ፣ የምወዳቸው ዘፈኖች ሰለቹኝ።

ነገሩ ሲገባኝ ወደ አንድ ባለሙያ ወሰድኳት። ሰውየው የኋላውን ኮፈን ከፈተና የአምፕሊፋየሩ አረንጓዴ መብራት መብራቱን አየ። «ኤሌክትሪክ ደርሷል፤ ስፒከሩ ተቃጥሏል፤ ይቀየር» አለኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። በእጁ ቴስተር የሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ እንኳ አልነበረም።

ማታ ለወንድሜ ደወልኩለት።

«ወንድም ጋሼ፣ ተቃጥሏል አሉኝ።»

«የተቃጠለ ነገር ይሸታል?»

«አይሸትም።»

«በቴስተር ተለክቷል?»

«አልተለካም።»

«እንግዲያው እስካሁን ማንም የሚያውቀው ነገር የለም። ቅዳሜ ቴስተር ተዋስና ደውልልኝ። ከስፒከሩ ጀምር፤ የተከሰሰው እሱ ስለሆነ።»

ቅዳሜ ጧት 3 ሰዓት ላይ ግቢያችን ውስጥ ተቀመጥኩ። ስልኩ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ተደግፏል፤ ወንድሜ በቪዲዮ ያየኛል። ከግድግዳ ሰዓታችን ባትሪውን አወጣሁ፤ 1.5 ቮልት ናት። ከስፒከሩ ጋር የተያያዙትን ሁለት ሽቦዎች ከአምፕሊፋየሩ ፈትቼ ጫፎቻቸውን የባትሪዋ ሁለት ጫፎች ላይ አስነካሁ። «ጡብ» አለ። የስፒከሩ ጥቁር ወረቀት ለዓይን በምትታይ መጠን ወደ ውጭ ተገፋ፤ ሽቦውን ሳነሳ ወደ ቦታው ተመለሰ። የእህቴ ልጅ መጥታ መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ ደጋግሜ እንድነካው ለመነችኝ፤ አንድ አሥር ጊዜ ሳልነካው አልቀርም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከወረቀቱ ጀርባ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ሽቦው በማግኔት መካከል ይንቀሳቀሳል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔቱ ይገፋዋል ወይም ይስበዋል፤ ወረቀቱም አብሮት አየሩን ይገፋል። ቼስተር ራይስ እና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች የዚህን ዓይነት ስፒከር አሠራር እ.ኤ.አ. በ1925 አቀረቡ። መቶ ዓመት አልፎታል፤ የእኔ ሰብዉፈር የሚሠራው እስከ ዛሬ በዚሁ መንገድ ነው። ያ ጥቅልል ሽቦ ተቃጥሎ ቢበጠስ ወረቀቱ ንቅንቅ አይልም ነበር። በቴስተርም ለካሁት፤ 3.6 ኦም አሳየኝ (ኦም ሽቦው ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ የሚለካበት ነው)። 4 ኦም ተብሎ የሚሸጥ ስፒከር ሲለካ ከ4 ትንሽ ዝቅ ማለቱ ደንብ ነው። የተበጠሰ ቢሆን ቴስተሩ ምንም ቁጥር አይሰጥም ነበር። የተከሰሰው ነፃ ወጣ። ያልለካ ሰው አምኜ ቢሆን ኖሮ ደህና ስፒከር ጥዬ አዲስ እገዛ ነበር፤ አዲሱም አይጮህም ነበር።

ቀጥሎ ወደ ፊት ሄድን። ከመኪናው ባትሪ የሚነሳው ወፍራም ቀይ ሽቦ ላይ ፊውዝ አለ፤ ደህና ነበር። ስለ ፊውዙ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቦታው ለባትሪው ቅርብ መሆን አለበት፤ ከ45 ሴንቲ ሜትር ባይርቅ ይመከራል። ምክንያቱም ያ ሽቦ ምንጣፍ ሥር አልፎ፣ ሰው ከተቀመጠበት ሥር አልፎ ነው ኋላ የሚደርሰው። አንድ ቦታ ተልጦ ብረት ቢነካ የሚያድናችሁ ያ ፊውዝ ብቻ ነው። ፊውዙ ሲቃጠል በመዳብ ሽቦ ጠምጥመው የሚያልፉ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት፤ ልጆቻችሁ የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ቴፑ አምፕሊፋየሩን የሚያስነሳበትን ቀጭን ሽቦ ለካን። ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ መስመር ያለበት ነው፤ ቴፑ ሲበራ 12 ቮልት ይልካል። ነጭ መስመር የሌለው ሰማያዊ ሽቦ የአንቴና ነው፤ በብዙ ቴፖች ኤሌክትሪክ የሚኖረው ሬዲዮ ሲከፈት ብቻ ነው። የአንድ ጎረቤታችን መኪና በሬዲዮ ጊዜ እየጮኸች በብሉቱዝ ዝም የምትለው በዚህ ምክንያት ነበር። የእኔ ትክክለኛው ነው፤ 12 ቮልት አለ። የቴፑ የሰብዉፈር ምርጫም አልጠፋም፤ የድምፅ ገመዶቹም አልተነቀሉም። ሁለት ሰብዉፈር ያላችሁ ደግሞ የአንደኛው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገልብጦ ከሆነ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ድምፁን ያጠፋፉታል፤ ያንንም እዩት።

የቀረው አምፕሊፋየሩ ራሱ ነው። በፖዘቲቩና በኔጋቲቩ መካከል ስለካ 12.4 ቮልት አገኘሁ። ደህና ነው ብዬ ቴስተሩን ላነሳ ስል ወንድሜ ከስልኩ ውስጥ «ቆይ» አለኝ። «ስፒከሩን መልሰህ እሰርና ሙዚቃ ክፈት። ሥራ ሲበዛበት ለካው።»

ከፈትኩ፤ ድምፁን ጨመርኩ። ቁጥሩ 12 ነበር፤ ወደ 9 ወረደ፣ ከዚያ 7። አረንጓዴዋ መብራት ፈዘዘች። ሥራ ሳይኖርበት ሙሉ የሚመስለው ኤሌክትሪክ ሥራ ሲመጣ የለም። «አሁን ጥቁሩን የቴስተር ጫፍ ከአምፕሊፋየሩ አንሳና የመኪናውን ባዶ ብረት አስነካው» አለኝ። አስነካሁ። ቁጥሩ ወዲያው 12 ላይ ተመልሶ ቆመ። ስለዚህ ከባትሪው የሚመጣው ቀይ ሽቦ ጤነኛ ነው። የታመመው አምፕሊፋየሩን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያስረው አጭሩ ጥቁር ሽቦ ነው። ርዝመቱ ክንድ አይሞላም።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቼ ምንጣፉን ገለጥኩ፤ ረጥቧል። በክረምቱ ዝናብ በኮፈኑ ጎማ በኩል ውሃ ገብቷል። ብሎኑ ቡናማ ዝገት ለብሷል፤ በቁልፍ ስፈታው እየተንጫጫ ወጣ። ከሥሩ የነበረው የመዳብ ጫፍ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ጣቴ ላይ ቀረ። ለስልኩ አሳየሁት። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ አየውና «ያኔ ቀለሙን በደንብ አልፋቅሁትም ነበር፤ ስለመሸ ቸኩዬ» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጭት ነበረበት። አራት ክረምት እንደቻለ ነገርኩት።

የበሰበሰውን ጫፍ ቆረጥኩ፣ አዲስ ጫፍ አሠርኩለት፣ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈተግሁት፤ አጥብቄ አሰርኩና ውሃ እንዳይደርስበት ከላይ ግሪስ ቀባሁበት። ባትሪውን መለስኩ።

ሙዚቃውን ስከፍት መጀመሪያ የተሰማኝ ጀርባዬ ላይ ነው። ወንበሩ ገፋኝ። የእህቴ ልጅ ሳቀች። ስልኩን አንስቼ ወደ ኋላ ዘረጋሁትና «ይሰማሃል?» አልኩት።

«ዘፋኙ ይሰማኛል» አለ።

የስልክ ስፒከር የጥፍር ያህል ናት፤ ወፍራሙ ድምፅ እሱ ጋ ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ ካሜራውን ወደ መስታወቱ አዞርኩለት። በመስታወቱ ውስጥ የግቢያችን በር ይታያል።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

«ትንሽ ቀንስ» አለኝ።

ቀነስኩ።

«አዎ። እዚያ ላይ ተወው።»