በእናቴ አርባ ላይ የተናገርኩት

አባቶቻችን ካህናት፣ የዕድራችንና የሰንበቴያችን ሰዎች፣ የእናቴ የሥራ ባልደረቦች፣ እንደምን ዋላችሁ። አርባዋን ልታወጡ ከሩቅም ከቅርብም ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልን።

እናቴን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ኪዳን አይቀራትም። ፍልሰታን በጥሬ ትጾማለች። «በእንተ ስማ ለማርያም» ያለ የቆሎ ተማሪ ከደጇ ባዶውን አይመለስም። አርባ ቀን ሙሉ ልቅሶ ቤት ስሰማ የከረምኩት ይህንኑ ነው። ሥራዋ ላይ ሲደርስ ግን ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ጽዳት ነበረች» ይላል፣ እንደ ነውር። እኔ ዛሬ ጮክ ብዬ ልበለው። አዎ፣ ጽዳት ነበረች! የማዋለጃ ክፍል ጽዳት። 26 ዓመት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፍልሰታ፣ የነሐሴ ዝናብ። እማ የማታ ተረኛ ናት። አባቴ ስለሞተ ይዛኝ ትሄዳለች፣ ዕቃ ማስቀመጫዋ ክፍል እተኛለሁ። ሌሊት አንዲት ወላድ ከጮቄ ሥር በቃሬዛ መጣች። ስምንት ወንዶች እየተፈራረቁ ተሸክመዋት፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። መብራት ጠፍቷል። አዋላጇ ብርሃን አምጡ ትላለች። እማ በአንድ እጇ ፋኖስ ይዛ፣ በሌላው ደም ትጠርጋለች። ሕፃኑ ሲወለድ መጠቅለያ ጠፋ። የወላዷ ጋቢ ቢጨመቅ ውሃ ይወርደዋል። እማ ለኪዳን ብላ አጥባ ያስቀመጠቻትን ነጠላ አውጥታ ሰጠች። ሌላ ነጠላ አልነበራትም።

ከዚያ ወለሉን አጠበች። አንድ ጣሳ በረኪና፣ ዘጠኝ ጣሳ ውሃ። ፊደል አልቆጠረችም፤ ልኩን ግን ስታ አታውቅም። የጉበት ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ሰባት ቀን ሊቆይ እንደሚችል እኔ ያወቅሁት ነርስነት ስማር ነው። እማ ያን ወለል ለምትቀጥለዋ ወላድ ብላ ሁለት ጊዜ ታጥበው ነበር።

ሲነጋ በቀጥታ ወደ ኪዳን ሄድን። በሥራ ጋዎኗ፣ ያለ ነጠላ፣ ከቅጥሩ በር ውጭ ቆመች። አንዲት ሴትዮ መጣችና «ምነው፣ ነጠላ አጣሽ? ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው!» አለቻት። በረኪናው ሸትቷት አፍንጫዋን ያዘች። እማ «ይቅር በይኝ እቴ» አለች፣ በቃ። እኔ እጇን ይዤ ነበር። ነጠላዋ የት እንዳለች አውቅ ነበር። ፈርቼ ዝም አልኩ። ያቺ ሴት ዛሬ እዚህ ካለሽ ስሚኝ፤ የእናቴ ነጠላ ገና ክርስትና ያልተነሣ የገበሬ ልጅ ለብሷት ነበር!

እሱስ ይቅር። ጓንቱን ምን ልበለው? ጓንት ባነሰ ቁጥር ለሐኪም ይደርሳል፣ ለነርስ ይደርሳል፣ ጽዳት ጋ ሲደርስ ያልቃል። እናቴ እጇን በፌስታል አስራ ደም ጠርጋለች። ያውም የኤች አይ ቪ ነፃ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት፣ በሽታው የሞት ፍርድ በነበረበት ዘመን! ቫይረስ ደሞዝ እያየ ነው እንዴ የሚይዘው? ሁለት ጊዜ ጠየቀች። ሁለቴም «በጀት የለም» አሏት። ሦስተኛ አልጠየቀችም። ፌስታሉን እያጠበች ደግማ ታስረው ጀመር።

ስለ ማኅበሯ፣ ስለ 21 ማርያም ጠላዋም ልናገር አስቤ ነበር። አባቶች ጸሎት አለባቸው፤ አላስረዝምም። ነፍሷን ይማርልን።

አንድ ነገር ብቻ። ለሐውልቷ ብለን እኔና ወንድሞቼ ያስቀመጥነው ብር ነበር። መቃብሯ ላይ መስቀል ይበቃል ብለን በብሩ ጓንት ገዛን። ካርቶኖቹ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ናቸው። ለሐኪም አይደለም፣ ለነርስም አይደለም፤ እኔም ነርስ ነኝ፣ አልወስድም። እናንተ ጽዳቶች፣ ስትወጡ ይዛችሁ ሂዱ። ወፍራሙ ነው፣ እስከ ክርን የሚደርሰው።