ከቀጠሮ የሚቀር ታካሚ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለድብርት የንግግር ሕክምና ጀምሮ ነበር። ሦስቴ ሄዶ «ወሬ ምን ይፈይዳል» ብሎ ቀረ። እንዴት ልመልሰው?

መልስ፦ መጀመሪያ ሙግቱን ይተዉት። «ይጠቅምሃል እኮ» ባሉት ቁጥር እሱ የማይጠቅምበትን ምክንያት እየደረደረ ራሱን ያሳምናል። አስምሎ መላክም ቢበዛ ለአንድ ቀን ነው።

ድብርት ጉልበትንም ተስፋንም ስለሚነሳ፣ እምቢታ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ሕመሙ ራሱ ነው። ከአልጋ መነሳት የሚከብደው ከሆነ የማለዳውን ቀጠሮ ወደ ከሰዓት ያዛውሩለት። ከዚያ «ከ0 እስከ 10 ብትሰጠው፣ መመለስ ምን ያህል ያስፈልገኛል ትላለህ?» ብለው ይጠይቁት። 3 ካለ፣ «ለምን 0 አላልክም?» ይበሉ። «ለምን 8 አልሆነም?» ካሉት ግን የሚመልስልዎ የመቅሪያ ሰበብ ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ የመሄጃውን ምክንያት ከራሱ አፍ ያወጣል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልያም ሚለር በ1983 እ.ኤ.አ. ለአልኮል ችግር ያስተዋወቁት የምክክር ስልትም መሠረቱ ይኸው ነው።

ፈቃደኛ ሲሆን «እስክትድን» አይበሉት። አራት ቀጠሮ ሞክሮ ከባለሙያው ጋር ይገምግም። ባለሙያው ካልተስማማው ይህንኑ ፊት ለፊት ይንገረው፤ ካልተስተካከለ ሌላ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ጀማሪ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ለጭንቀት የማክማት ታካሚ አንድ ሳምንት መጥታ ሁለት ሳምንት ትጠፋለች። ቀጠሮውን ላራርቀው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ጭንቀት በሽሽት ይጠነክራል፤ ሲያራርቁት ሽሽቱን አጸደቁላት ማለት ነው። በቀረችበት ዕለት ይደውሉ፤ ወቀሳ አያስፈልግም፣ «ጠበቅኩሽ፣ ደህና ነሽ?» ይበቃል። ቀጥሎ ከመቅረቷ በፊት የነበረውን ክፍለ ጊዜ ማስታወሻ ያንብቡ። ከባድ ምስጢር ተናግራ አፍራ ይሆናል። የቤት ሥራውን ሳትሠራ መምጣት ከብዷት ይሆናል። ከምትፈራው ነገር ጋር የማላመዱ እርምጃ ሰፍቶባትም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ እርምጃውን ለሁለት ይክፈሉት። ማላመድ ሲጀመር ጭንቀት ለጊዜው ከፍ እንደሚል አስቀድሞ ያልተነገራት ታካሚ፣ ሕክምናው እየጎዳት ይመስላታል። ይህን በመጀመሪያው ቀን ይንገሯት።

ጥያቄ፦ እምቢ ያለን ሰው እስከ መቼ መታገሥ ይቻላል?

መልስ፦ ራሱን ስለማጥፋት ካነሳ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ እስኪደርሱ ብቻውን አይተዉት። «ልትሞት አስበሃል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርበትም።